አሮጌ መኪናን ለውድድር ስለ ማቅለል፤ ከባሌ ደጋ አንጻር

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከሮቤ ተነሥቶ በጎባ በኩል ወደ ሳነቴ አምባ የሚወጣ ሰው፣ የስንዴውን ሜዳ ከኋላው ትቶ ዳገቱን እንደ ተያያዘ፣ መኪናው ቀስ በቀስ እየደከመ መሄዱን ያስተውላል። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ፣ የሳነቴ አምባ ደግሞ ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከአምባው ላይ ብቅ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። መኪናው አሮጌ ቮልስዋገን የሆነ እንደሆነ ነጂው ከአራተኛ ማርሽ ወደ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛም ወደ ሁለተኛ ለመመለስ ይገደዳል። በዚህ ጊዜ በአእምሮው የሚመጣው የመጀመሪያ ሐሳብ ጭነቱን ስለ መቀነስ ነው፤ የኋላው ወንበር፣ የጣራው የዕቃ መጫኛ፣ ስኮርታው፣ ምንጣፉ፣ ይህ ሁሉ ቢወርድለት መኪናው ምን ያህል ይቀለው ይሆን? ይላል።

ይኸው ጥያቄ በሌላው ዓለም አሮጌ መኪናውን ለክበብ ውድድር የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነው። የክበብ ውድድር የሚባለው በትልልቅ ፋብሪካዎች ገንዘብ የሚካሄደው ሳይሆን፣ ሠርቶ አዳሪ የሆኑ ሰዎች በገዛ መኪናቸው፣ በተከለለ ሜዳ የሚወዳደሩበት ዓይነት ነው። መኪናው ሰሌዳ ያለው፣ ዓመታዊ ምርመራ አልፎ ቦሎ የለጠፈ ነው። ባለቤቱ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራው፣ ቅዳሜ ወደ ውድድሩ ይነዳዋል፤ ማታም በዚያው መኪና ወደ ቤቱ ይመለሳል። አዲስ ሞተር ለመግዛት ገንዘብ የሌለው ሰው ያለው አማራጭ ክብደት መቀነስ ነው፤ ለማውረድ ከመፍቻና ከጉልበት በቀር ወጪ የለበትምና።

ለዚህ ንግግር ባሌ የተመረጠው በሳነቴ መንገድ ላይ ውድድር እንዲደረግ ለማሳሰብ አይደለም። ያ መንገድ የሚያልፈው በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። በመላው ዓለም ከአምስት መቶ የማይበልጠው የቀይ ቀበሮ ዘር አብዛኛው የሚኖረውም በዚሁ ተራራ ነው። በዚያ ላይ መፍጠን ለአንድ ሰዓት ደስታ ሲባል መልሶ የማይገኝ ፍጥረትን ማጥፋት ይሆናል። ባሌ የተመረጠው ከፍታው ሳያዳላ የሚመዝን ሚዛን ስለ ሆነ ነው። በዝቅተኛ አገር ተሸፍኖ የሚያልፈው የሒሳብ ስሕተት በሳነቴ ላይ ይገለጣል።

አየሩ ስለሚወስደው ጉልበት

ሞተር ቤንዚን ያቃጥላል ቢባልም፣ በመሠረቱ የሚኖረው በአየር ነው። በየምቱ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር በክብደት ባነሰ መጠን ሊቃጠል የሚችለው ነዳጅም ያንሳል። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ሲሆን፣ በሮቤ ከፍታ ወደ 75፣ በሳነቴ ከፍታ ወደ 62 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። ይህም ማለት የግፊት መጨመሪያ የሌለው ሞተር በሮቤ ከባሕር ወለል ጉልበቱ ሦስት አራተኛውን፣ በሳነቴ ደግሞ ስድሳ አንድ በመቶውን ያህል ብቻ ይዞ ይሠራል ማለት ነው። የሞተሩ የውስጥ ሰበቃ ከአየሩ ጋር አብሮ ስለማይቀንስ፣ እውነተኛው ኪሳራ ከዚህም በጥቂቱ ይብሳል።

እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. የኦሊምፒክ ጨዋታ በሜክሲኮ ከተማ በተደረገ ጊዜ የ2,240 ሜትር ከፍታው ብዙ ሲያነጋግር እንደ ነበር ይታወሳል። የሳሳው አየር ለአጭር ርቀት ሯጮችና ለዘላዮች ሲያግዝ፣ የረጅም ርቀት ሯጮችን ግን ትንፋሽ አሳጥሯል። በማራቶን ያሸነፈው በደጋ የኖረው ማሞ ወልዴ ነበር። ሮቤ ከሜክሲኮ ከተማ ይልቅ ከፍ ይላል። በሰውና በሞተር መካከል ያለው ልዩነት ግን ይህ ነው፤ የሰው ገላ በከፍታ ላይ ሲኖር ደሙን አብዝቶ ይለማመዳል፤ ሞተር ግን መቶ ዓመት በሮቤ ቢኖር አይለማመድም።

ስለዚህ ማንኛውም ሰው ወንበር ከመንቀሉ በፊት የሞተሩን አተነፋፈስ ማስተካከል አለበት። ካርቡራቶር ነዳጅን ከአየር ጋር የሚያመጣጥነው ለታሰበለት ከፍታ ነው። አየሩ ሲሳሳ የነዳጁ ድርሻ በእፍግታው ስኩዌር ሩት ተገላቢጦሽ መጠን ይበዛል። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራቶር በሮቤ 16 በመቶ ያህል፣ በሳነቴ 28 በመቶ ያህል ትርፍ ነዳጅ ይሰጣል ማለት ነው። ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላና የታፈነ ሞተር የሚመጡት ከዚህ ነው። የቤንዚኑን ማስተላለፊያ ቀዳዳ በአነስተኛው መለወጥ፣ ምንም ክብደት ሳይወርድ፣ ያለ አግባብ የጠፋውን ጉልበት ያስመልሳል። ይሁን እንጂ ለደጋ የተስተካከለውን ሞተር ወደ ቆላ ይዞ መውረድ አደጋ አለው፤ ነዳጁ አንሶት ከመጠን በላይ ይሞቃልና። የተለወጠው ቀዳዳ በኪስ ውስጥ ተቀምጦ መመለስ አለበት።

የሒሳብ ምሳሌ

ነገሩን በቁጥር ለማየት ያህል በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተሠራ 1,200 ቮልስዋገን በምሳሌነት ይወሰድ። ክብደቱ ወደ 760 ኪሎ ግራም፣ የሞተሩ ጉልበት 34 የፈረስ ጉልበት ነው። 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነጂ ሲጨመር ጠቅላላው 835 ኪሎ ግራም ይሆናል። በባሕር ወለል ላይ ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት 24.6 ኪሎ ግራም ይደርሰዋል። በሳነቴ ላይ ጉልበቱ ወደ 20.7 ስለሚወርድ፣ እያንዳንዱ ፈረስ የሚሸከመው ወደ 40.3 ኪሎ ግራም ያድጋል።

እንግዲህ ተራራው የወሰደውን ክብደት በመቀነስ ብቻ ለመመለስ ቢታሰብ፣ መኪናው ከነነጂው ወደ 508 ኪሎ ግራም መውረድ ይኖርበታል። ነጂው 75 ኪሎ ግራም እንደ መሆኑ መጠን ለመኪናው የሚቀረው 433 ኪሎ ግራም ነው። ይህም ከቮልስዋገኑ ላይ 327 ኪሎ ግራም መቁረጥ ማለት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ነገር መኪና ተብሎ ሊጠራ አይችልም። ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ትሕትና ነው። ማቅለል ይጠቅማል፤ ተራራን ግን አያስተካክልም።

በአንድ ከሰዓት በኋላ በመፍቻ ብቻ ሊወርድ የሚችለው ስንት ነው? ለግምት ያህል የኋላው ወንበር 17፣ የተሳፋሪው የፊት ወንበር 13፣ ምንጣፉ፣ የውስጥ ልባሱና ድምፅ ለማፈን የተለጠፈው ሬንጅ 15፣ የጣራው የዕቃ መጫኛ 12፣ ስኮርታው፣ ክሪኩና መሣሪያው 18 ኪሎ ግራም ይያዙ። ከ40 ሊትሩ ቤንዚን ግማሹ ሲቀነስ ሌላ 15 ኪሎ ግራም ይገኛል። ድምሩ 90 ኪሎ ግራም ነው። የሮቤ እህል ነጋዴ በሚያውቀው ቋንቋ ሲነገር፣ አንድ ኩንታል የማይሞላ ስንዴ ነው።

ይህ ከኩንታል ያነሰ ጭነት ምን ያስገኛል? በሰባት በመቶ ዳገት፣ በኮረኮንች መንገድ፣ በሳነቴ አየር፣ ከሞተሩ ጉልበት 15 በመቶው በካምቢዮና በአክስሉ እንደሚባክን ታስቦ ሒሳቡ ሲሠራ፣ ያልቀለለው መኪና በሰዓት ወደ 56 ኪሎ ሜትር፣ 90 ኪሎ ግራም የወረደለት ወደ 61 ኪሎ ሜትር ሊይዝ ይችላል። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩን ቢያደክምም፣ መኪናውን ወደ ኋላ የሚገፋውን የነፋስ ኀይል ደግሞ ይቀንሳል። በሜዳ ላይ አንዱ ኪሳራ በሌላው ትርፍ በከፊል የሚካካስ ሲሆን፣ በዳገት ላይ ግን መኪናውን ወደ ኋላ የሚጎትተው ክብደቱ ነው። አየሩ ይሳሳል፤ የመሬት ስበት ግን አይሳሳም። ክብደት መቀነስ በሜዳ ይልቅ በደጋ ዳገት ላይ ዋጋ የሚኖረውም ስለዚህ ነው።

እያንዳንዱ ክብደት ሥራው ምንድን ነው?

እስከዚህ ድረስ የተባለው የመደመርና የመቀነስ ሒሳብ ነው። ኢንጂኔሪንግ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ፣ አንድ ክፍል ክብደቱ ስንት ነው ከማለት አልፎ ሥራው ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

ከላይ ከተዘረዘሩት ውስጥ ስኮርታው በምሳሌነት ይታይ። ተንጠልጥሎ የሚሄድ፣ ምንም የማይሠራ ጎማ ይመስላል። ነገር ግን የቮልስዋገኑ ሞተር ከኋላ ስለ ሆነ፣ ከ760 ኪሎ ግራሙ በፊት እግሮች ላይ የሚያርፈው አርባ በመቶው፣ ማለት 304 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። የቤንዚኑ ታንክም ስኮርታውም የሚገኙት በአፍንጫው በኩል ነው። ግማሹ ቤንዚንና ስኮርታው ከነመሣሪያው በአንድነት ሲወርዱ የፊቱ እግር ከሸክሙ ዐሥራ አንድ በመቶ ያህል ያጣል። መሪ ታዝዞ የሚዞረው፣ የፊቱም ፍሬን የሚይዘው ጎማው መሬቱን በተጫነው መጠን ነውና፣ ነጂው በኮረኮንቹ ኩርባ ላይ መሪውን ሲጠመዝዝ መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ይጀምራል። እንግዲህ ስኮርታው ሥራ አለው፤ የፊቱን እግር መሬት ያስረግጣል። በቅሎ የሚጭን የባሌ ነጋዴ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ከአንዱ ጎን ብቻ ያወረደለት ጭነት በቅሎዋን አያሳርፋትም፤ ኮርቻዋን ያዞርባታል እንጂ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከኋላው እግር ይገኛል። በእነዚያ ዓመታት በተሠራው ቮልስዋገን ላይ የኋላው አክስል ከካምቢዮው አጠገብ እየተጠመዘዘ ከፍና ዝቅ የሚል ነው። ከኋላ ክብደት ሲወርድ ሞላው ይነሣል፤ መኪናው ሲነሣ የኋላ ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውጭ፣ ከታች ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ። በኩርባ ላይ ጎማው ከመኪናው ሥር ሊታጠፍና መኪናውን ሊያነሣው የሚችለው በዚህ ሁኔታ ነው። ስለዚህ ክብደት አውርዶ ሞላውን ለአዲሱ ክብደት ዝቅ አድርጎ አለማስተካከል ግማሽ ሥራ ብቻ ሳይሆን የተገላቢጦሽ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ሞተሩን የከበበው ቀጭን ላሜራ ነው። ቮልስዋገኑ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ያለው በመሆኑ፣ ያ ላሜራ የቬንትሌተሩን ነፋስ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ይመራል፤ ከታች የሚወጣውም ትኩስ አየር ተመልሶ እንዳይገባ ይከለክላል። ላልለመደ ዓይን ትርፍ ሽፋን ስለሚመስል ለማቅለል ከሚነቀሉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። በደጋ ላይ ደግሞ ቬንትሌተሩ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር በክብደት አነስተኛ ስለ ሆነ፣ ማቀዝቀዣው ድሮውንም ተቸግሯል። ጥቂት ኪሎ ግራም ለማትረፍ ሲባል ሞተሩ ይቃጠላል።

አራተኛው ባትሪው ነው። በዚህ መኪና ላይ ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላው ወንበር ሥር ነው። ወንበሩ ሲወርድ ባትሪው ራቁቱን ይቀራል። ወድቆ የሚነካው መፍቻ ወይም ተመልሶ በግዴለሽነት የተቀመጠው ወንበር ሽቦ ሁለቱን ጫፎች ቢያገናኝ እሳት ይነሣል። ስለዚህ ወንበሩን ያወረደ ሰው ባትሪውን የሚከድን ነገር ማስቀመጥ ይኖርበታል። የተቀነሰው ክብደት የራሱን ጥቂት ክብደት መልሶ ይጠይቃል።

የሚሽከረከር ክብደትም የተለየ ሒሳብ አለው። በጎማው ዙሪያ ያለ አንድ ኪሎ ግራም መኪናው ፍጥነት ሲጨምር ሁለት ኪሎ ግራም ያህል ሆኖ ይቆጠራል፤ ወደ ፊትም መሄድ፣ መሽከርከርም አለበትና። ስለዚህ ቀለል ያለ ቸርኬ ከኩርባ ሲወጣ ይጠቅማል። በዳገት ላይ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ለሚጓዝ መኪና ግን ይህ ኪሎ ግራም እንደ ማንኛውም ኪሎ ግራም አንድ ብቻ ነው። በኮረኮንች ላይም የሚሰነጠቅ ቸርኬ ከሚከብድ ቸርኬ የከፋ ነው።

ከሌላው ዓለም ሁለት ተቃራኒ ምሳሌዎች መጥቀስ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም. የፖርሽ ፋብሪካ 911 አር የተባለውን መኪና ሲሠራ በብረቱ ኮፈን ፋንታ ፋይበር ግላስ፣ በመስተዋቱ ፋንታ ፕላስቲክ አድርጎ ክብደቱን ወደ 800 ኪሎ ግራም አውርዶታል። መንገዱ አስፋልት፣ ሥራው ፍጥነት ነበርና ትክክል ነው። በጎረቤታችን በኬንያና በአካባቢዋ በሚደረገው የሳፋሪ ራሊ ግን እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. ቮልስዋገን፣ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ዓ.ም. ፔጆ 404 ያሸነፉት ከሁሉ ቀላል በመሆናቸው ሳይሆን፣ በጭቃና በድንጋይ ተደብድበው ሳይሰበሩ በመድረሳቸው ነው። የባሌ መንገድ ከሁለተኛው ወገን ነው።

ስለማይነካው ክብደት

በማንኛውም ስሌት የማይገባ ክብደት አለ። በሞተሩና በተሳፋሪው መካከል ያለው የብረት ግድግዳ የእሳት መከላከያ ነውና አይበሳም። ከበሩ ሥር በሁለቱም ጎን ተዘርግቶ ማሞቂያውን የሚያስተላልፈው ሣጥን የመኪናው ጎድን ነውና አይቆረጥም። ፍሬን፣ የመሪ ዘንግና የወንበሩ መያዣ ቡሎን በቀዳዳ አይቀልሉም። የነጂው ወንበር ቀበቶም ከሁሉ በፊት ይጠበቃል። ቀበቶ የሌለው እንደሆነ ይገባለታል፤ በዚያ ዘመን ከተሠሩት መኪናዎች ብዙዎቹ ያለ ቀበቶ የወጡ ናቸውና። ዛሬ በሁሉም መኪና የሚታየው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. ኒልስ ቦሊን በተባለ የቮልቮ ኢንጂኔር የተሠራ ነው። ክብደቱ ከጥቂት ኪሎ ግራም አይበልጥም።

በዚህ አገር ስለ ቮልስዋገን ሲነሣ አንድ ስም ሳይታሰብ አይቀርም። በሮምና በቶኪዮ በባዶ እግሩና በጫማው ዓለምን ያስደነቀው ሻምበል አበበ ቢቂላ በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. ቮልስዋገኑን ሲነዳ በደረሰበት አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ፤ በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. እስካረፈም ድረስ ዳግመኛ አልተራመደም። ይህ የሚነሣው ስለ አደጋው ምክንያት ለመፍረድ አይደለም። ቀላል መኪና በመንገድ ላይ ሲገለበጥ በውስጡ ያለው ሰው ምን እንደሚጠብቀው ለሚያስብ ሰው ከዚህ የበለጠ ማስታወሻ ስለሌለ ነው።

እንግዲህ ለውድድር የሚዘጋጅ መኪና ከጣራው ሥር የብረት ቅስት፣ የውድድር ቀበቶና እሳት ማጥፊያ ሊጨመርለት ይገባል። የእነዚህ ክብደት በግምት 35 ኪሎ ግራም ቢያዝ፣ የመጀመሪያው ሒሳብ እንደ ገና ይሠራል። ከ90 ኪሎ ግራሙ የስኮርታው ጎማ፣ 14 ኪሎ ግራም፣ ለፊቱ እግር ሲባል በቦታው ይቀራል። የወረደው 76 ይሆናል። የተጨመረው 35 ሲቀነስለት እውነተኛው ትርፍ 41 ኪሎ ግራም ነው። በዚያው በሰባት በመቶው የሳነቴ ዳገት ፍጥነቱ ወደ 58 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሆናል፤ ካልቀለለው መኪና ከሁለት ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው።

ይህን የሰማ ወጣት መካኒክ ለሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ይህ ሁሉ ድካም ምን ይሠራል ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ ሁለት ነው። በመጀመሪያ፣ የክበብ ውድድር የሚለየው በሰከንድ ክፍልፋይ ነው፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ብዙ ነው። በሁለተኛው፣ ትርፉ በዳገቱ ላይ ብቻ አይደለም። ከሳነቴ ወደ ሐረና ጫካ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ መኪናው አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ ፍሬኑና ሞተሩ ሊያቆሙት የሚገባው የስበት ጉልበት ለ835 ኪሎ ግራም ከ8 ሚሊዮን ጁል በላይ ነው። 41 ኪሎ ግራም ሲወርድ ከዚህ ውስጥ 400,000 ጁል ያህል ይቀነሳል። የሳሳው አየር የፍሬኑን ከበሮ በደንብ በማያቀዘቅዝበት ቦታ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ያ 35 ኪሎ ግራም ደኅንነት በነፃ ተገኝቷል። ከንቱው ክብደት ወርዶ ለሚያድነው ክብደት ቦታ ለቋል። የማቅለል ትክክለኛ ትርጉሙም ይህ ነው።

ሚዛን ከመፍቻ ይቀድማል

በሥራው ረገድ ሦስት ነገሮች ይመከራሉ። አንደኛው፣ ከመፍታት በፊት መመዝን ነው። ለዚህ የውድ አገር መሣሪያ አያሻም። የቮልስዋገን እያንዳንዱ እግር የሚሸከመው ከ150 እስከ 230 ኪሎ ግራም ያህል ስለ ሆነ፣ ይህን የሚችል የእህል ሚዛን በሮቤ ገበያ ይገኛል። ሦስቱ እግሮች ከሚዛኑ ወለል እኩል በሆነ ሳንቃ ላይ ይቆማሉ፤ አራተኛው በሚዛኑ ላይ ይወጣል። አራቱም በየተራ ይመዘናሉ። የወረደውም ዕቃ ለየብቻው ተመዝኖ በደብተር ይጻፋል። ሳይመዝን ያቀለለ ሰው የደከመውን ያውቃል፤ ያተረፈውን ግን አያውቅም።

ሁለተኛው፣ የሚፈታው ሁሉ ተመልሶ እንዲታሰር ሆኖ መፈታት አለበት። መኪናው ሰሌዳ ያለው ነው። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የወንበር ቁጥር፣ በዓመታዊ ምርመራ የሚታየው ፓራውልት፣ መብራትና ማርሚታ በቦታቸው መገኘት ይኖርባቸዋል። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002ም መኪና በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ እንደ ሸክላ የሚቀረጽ ነገር እንዳልሆነ ያስታውሳል። ከዚህም በላይ የኑሮ ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከፍተኛ ግብር ተጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። እንግዲህ በአገሩ ውስጥ ያለው አሮጌ ላሜራ ተተኪ የለውም። በመፍቻ የተፈታ ይመለሳል፤ በመጋዝ የተቆረጠ አይመለስም። እያንዳንዱ ቡሎን ከነዳዶው በከረጢት ተቋጥሮ፣ ስም ተጽፎበት፣ መቀመጥ ይኖርበታል።

ሦስተኛው፣ ከማውረድ በኋላ መኪናውን እንደ አዲስ መፈተሽ ነው። የሞላው ከፍታ፣ የፍሬኑ የፊትና የኋላ ድርሻ፣ የጎማው ነፋስ፣ የመሪው አቅጣጫ፣ ሁሉም ለቀድሞው ክብደት የተስተካከሉ ናቸው። ፈተናውም ሰው፣ ከብትና የዱር እንስሳ በማይደርስበት በተከለለ ሜዳ እንጂ በሮቤና በጎባ መካከል ባለው የሕዝብ መንገድ ላይ ሊሆን አይገባም።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

ዛሬ በሮቤ ከተማ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በስንዴው ሜዳ ላይ ኮምባይነር ሲሠሩና ሲጠግኑ ያደጉ፣ እጃቸው የተፈታ ወጣቶችም አሉ። አንድ አሮጌ ቮልስዋገን፣ አንድ የእህል ሚዛንና አንድ ደብተር በመካከላቸው ቢቀመጥ፣ ስለ ግፊት፣ ስለ እፍግታ፣ ስለ ስበትና ስለ ሰበቃ በክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ የሚነገረው ሁሉ በእጅ የሚዳሰስ ይሆናል። ይህ ማኅበር ሊያበረክተው የሚችለውም እርዳታ ከዚህ የራቀ አይደለም። በአንድ ገጽ የተዘጋጀ የመፈተሻ ዝርዝር፣ ምን እንደሚወርድ ብቻ ሳይሆን ምን እንደማይነካ የሚናገር፣ በየጋራዡ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ብዙ ይጠቅማል።

የዚያ ዝርዝር የመጀመሪያው መስመር ስለ ወንበር ወይም ስለ ምንጣፍ ባይሆን ይመረጣል። ስለ ነጂው ቢሆን ይሻላል፤ ቀበቶው የት ላይ እንደሚታሰር፣ መኪናው ቢገለበጥ ጣራውን ምን እንደሚይዘው፣ እሳት ቢነሣ በየትኛው በር እንደሚወጣ። ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ የተገኘ እንደሆነ ሌላው ሁሉ የመፍቻ ሥራ ነው። ያልተገኘም እንደሆነ መፍቻው በመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ይቆይ።